የረቢአ መቃብር

ረቢአ መሞቷን የሰማችው ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። በማድቤቱና በትልቁ ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ከባሏ ጋር ሆና በገዛ እጇ የመረገችው እሷ ናት፤ አናቱ ላይ ከቆርቆሮው ጋር ሳይገጥም የቀረ ክፍተት ስላለው ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ወደዚህ ይወርዳል። የባሏ ታላቅ ወንድም ሲራጅ ከደሴ አውቶቡስ ለወረዱ እንግዶች ቤቱን እያስጎበኘ ነበር። ክራሩን አሳያቸው፣ አልጋውን አሳያቸው። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «ሚስቱስ? ያቺ ዘፈኑ ውስጥ ያለችው፣ ከቦርከና የተመለሰችው?» ብላ ጠየቀችው። ሲራጅ ለእንግዳ ብቻ በሚያወጣው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «አርባውንም አላለፈች። ኀዘኑ ወሰዳት፤ አላህ ይርሀማት» አለ። ሴትዮዋ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። ረቢአ ቢላዋውን አየችው፣ ሽንኩርቱን አየችው፣ ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል የራሷን ክንድ ቆነጠጠች። አመማት። «ታዲያ አንተን ማን እየላጠህ ነው?» አለችው ሽንኩርቱን።

ባሏ አብዱሰላም ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። የክራር ሰው ነበር። ድምፁ በሬዲዮ ከተሰማ ወዲህ ከአሰብ አዲስ አበባ የሚመላለሱት የጭነት ሾፌሮች ሁሉ ወዳጆቹ ሆነው፣ ከሚሴ ሲደርሱ ጡሩንባ ሳይነፉ አያልፉም ነበር። በቀብሩ ቀን መንገዱ በመኪና ተዘጋ። በሕይወት ሳለ ክራሩን ይዞ ሱቁ ደጃፍ እንዳይቀመጥ ይከለክለው የነበረው ሲራጅ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ሲያይ ሌላ ሰው ሆነ፤ እያለቀሰ ትልቁን ክፍል ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ይህ ከእንግዲህ የአገር ሁሉ ቤት ነው፤ እንደተወው ይቆያል» አለ። ረቢአ ለጥቂት ቀን መስሏት ልብሷን በቋጠሮ አሥራ ወደ ማድቤት ወጣች። ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን የኢዳ ጊዜም እዚያው ከጭስ ጋር ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ወደ ትልቁ ክፍል የምትገባው ጠዋት ጠዋት ለመጥረግ ነው፤ ሲራጅ ይከፍትላታል፣ ጠርጋ ስትወጣ ይቆልፋል።

የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም፣ ክፍሉ እንደተተወ አለመሆኑን ከሲራጅ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። የሟቹ ልብስና ጫማ እንደ ደንቡ ለሰደቃ ወጥቷል። አሁን ከአልጋው ሥር ተጣምሮ የተቀመጠውና ሴቶች እያዩ አንገታቸውን የሚሰብሩለት ጫማ የሲራጅ አሮጌ ጫማ ነው። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ኮት ከጎረቤት ልብስ ሰፊ የመጣ፣ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ኮት ነው፤ አብዱሰላም ቢለብሰው እጅጌው ከጣቱ ያልፍ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ብርጭቆ ደግሞ «በመጨረሻዋ ሰዓት የጠጣት ውሃ» የሚባልለት ሲሆን፣ ውሃው በሙቀት እየተነነ ስለሚያስቸግር ሲራጅ በየጊዜው ይሞላዋል። እውነተኞቹ ክራሩና የጠፍር አልጋው ብቻ ናቸው። አልጋው የእሷም ነው፤ ለሠርጓ ጠፍሩ ሲወጠር አጠገቡ ቁጭ ብላ አይታዋለች። እንግዳ እንዳይነካው ሲራጅ ፊት ለፊቱ ሲባጎ ወጥሮበታል።

ዛሬ ከቤት የቀረችው ይህንኑ ክፍል ለመጠየቅ ብላ ነበር። ሌላ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ሲራጅ ወይ ወደ ወንዝ ወይ ወደ ገበያ ይልካታል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሰኔ ገብቷል። የማድቤቱ ሣር ክዳን ባለፈው ክረምት አፍስሶ አልጋ የሌላትን ሴት ከጥግ ወደ ጥግ ሲያባርራት ከረመ፤ ደረቷ ላይ የገባው ሳል እስከ ጥር አልወጣም። ቃዲ ዘንድ ብትሄድ ድርሻዋን እንደማታጣ ታውቃለች፤ ግን ከባል ወንድም ጋር ቃዲ ፊት መቆም ለከሚሴ የሳምንት ወሬ ነው። በዚያ ላይ ሲራጅ ክፉ አይደለም። ጤፉንም ጨውንም ከሱቁ ይልክላታል። ስለዚህ በደግ ቃል ልትጠይቀው አስባ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተበላሸ። የሞተች ሴት ክፍል አትጠይቅም።

አውቶቡሱ ሲሄድ እጇን ታጥባ ወደ ሰሊማ ሄደች። ሰሊማ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤቷ ናት፤ ስታወራም ስትስቅም ከቁናዋ ዐይኗን አታነሳም።

«ሰሊማ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ምነው፣ ዛሬ ነው የሰማሽው?» አለች ሰሊማ። «ከሞትሽማ ቆየሽ። ባሌ ባቲ ገበያ ሰምቶ መጥቶ ነው የነገረኝ። የሞትሽ ለት ጨፋ ላይ ጉም ወርዶ ከብቱ ሁሉ ሣር እምቢ አለ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ፈቅደሽ መስሎኛ! ደግሞ ወላሂ ሞትሽ ደስ ይላል። በፍቅር ነው የሞትሽው። እኔ ብሞት፣ ቆሎ አንቋት ነው የሚሉት።»

ረቢአ ልትቆጣ መጥታ ሳቀች፤ ስቃ ስትጨርስ ግን ቀና ብላ ደመናውን አየች። ሰሊማ ገብቷት በእፍኟ ቆሎ ሰጠቻት። «ሂጂና ንገሪው። ክረምቱ እንደሆነ አንቺ ሞተሻል ብሎ አያልፍሽም» አለቻት።

የሲራጅ ሱቅ ከመንገዱ ዳር፣ ከቤቱ አንድ አጥር ብቻ ይርቃል። አቡጀዲ፣ ስኳር፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ የክብሪት እሽግ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የአብዱሰላም ሸክላ በመስታወት ተከብቦ ተሰቅሏል። ሲራጅ ስኳር ሲመዝን ከሚዛኑ ዐይኑን የማይነቅል ሰው ነው፤ ረቢአ ስትገባም አልነቀለም። እሷም ባንኮኒው ዳር ቆመች። ሁለቱ እንዲህ ናቸው፤ አብዱሰላም በሕይወት ሳለ በሦስተኛ ሰው በኩል ነበር የሚነጋገሩት፤ ሦስተኛው ሰው ሲጠፋ በመካከላቸው የቀረው ዝምታ ብቻ ነው። ስለ ሞቷ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አያ ሲራጅ፣ ማድቤቱ ያፈሳል።»

«ሣር እናስከድነዋለን ኢንሻአላህ።»

«አምናም ኢንሻአላህ ብለውኝ ነበር።»

«እንግዲያው አላህ አልሻም ማለት ነው» አለና ስኳሩን ወደ ወረቀቱ ገለበጠ። «ክዳኑ አይደለም ነገሩ፣ የሚከድን ሰው ጠፍቶ ነው። ሰው ሁሉ ማሽላ እየዘራ ነው።»

«ትልቁ ክፍል ቆርቆሮ ነው። ጥግ ላይ ብተኛ፣ ጠዋት አንስቼ…»

ከመንገዱ የመኪና ጡሩንባ አቋረጣት። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሳ ሱቁ ፊት ቆመ። የሲራጅ ፊት በራ፤ ኮፍያውን አስተካከለ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «እንግዳ ነው። ወንዝ ትሄጂ የለም እንዴ? አይ፣ አሁን አይደርስም። ሆጃ አፍዪልኝ። በኋላ በኩል ዙሪ» አላት። ረቢአ በኋላ በኩል ዞረች።

ከጋቢናው የወረዱት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሾፌሩ አብዱልጀሊል ነው፤ ሱሪው ዘይት የጠጣ፣ ከአብዱሰላም ዘፈን በቀር ሌላ የማያፏጭ ሰው። ሚስቱ ሙሚና ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወዲያው ወዳጅ የምትሆን ናት። በመጨረሻ ሁለቱ ደግፈው ያወረዷቸው የሙሚና እናት ናቸው፤ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ከምርኩዛቸው ብዙም የማይረዝሙ ሴት። ባቲ ውስጥ አዮ ፋጡሜ ይሏቸዋል። ዱበርቲ ናቸው፤ ዱአቸው ይደርሳል የሚባልላቸው፣ ቢመርቁ የሚፈለጉ፣ ቢቆጡ የሚፈሩ አሮጊት። ከሩቅ ዚያራ፣ የወልይ መቃብር ከመጎብኘት፣ እየተመለሱ ነው። ሾፌሩ «የዘፋኙን ቤት ሳላሳይሽማ አላልፍም» ብሎ ሚስቱን ሲለምን አዮ ፋጡሜ፣ «ዚያራ ላይ ነን፤ ሰው የሚዘይረውን እንዘይር» ብለው ፈረዱለት። በአጥሩ በር በኩል ረቢአን ሲያዩ በኦሮምኛ «አካም ኦልቴ፣ ልጄ?» አሏት። «ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ» አለች። የሞተች ሰው ደኅና ነኝ ማለቷ ትዝ አላትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የቡና ቅጠል ሆጃውን እያፈላች በግድግዳው ክፍተት ሁሉን ሰማች። አብዱልጀሊል ክራሩን ሲያይ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላል። ሙሚና ኮቱን አይታ፣ «ቁመቱ እንዲህ ዘለግ ያለ ነበር እንዴ?» አለች፤ ሲራጅ «ዘለግ ያለ ነበር» አላት። ከዚያ የአልጋው ጠፍር ሲያቃስት ተሰማ። አዮ ፋጡሜ ሲባጎውን በምርኩዛቸው አንስተው ተቀምጠውበታል።

«እናቴ፣ እዚያ ላይ… ማንም አይቀመጥበትም» አለ ሲራጅ።

«እኔ ማንም አይደለሁም። ጉልበቴን ያመኛል» አሉ አዮ ፋጡሜ።

ሙሚና ሳቋ ሲበርድ ዘፈኑን በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ባሏም ተቀበላት።

ቦርከና ጎድሎላት፣ መሻገር ሳያቅታት፣
ተመልሳ መጣች፣ ልቧ አልሻገር ብሏት።

ረቢአ ጀበናውን ይዛ ፈገግ አለች። የዚያን ቀን የተመለሰችው አንድ እግር ጫማዋን ወዲህ ማዶ ረስታ ነበር። አብዱሰላምም ያውቃል፤ ጫማውን ያቀበላት እሱ ነው። ግን ጫማ ለዘፈን አይሆንም ብሎ ልብ አደረገው። ያን ጊዜ አብረው ስቀውበታል። ሲራጅ ግን እንግዶቹ ፊት ሲተርከው ምንም ሳቅ የለበትም፤ ልጅቷ ከወንዙ መመለሷን፣ ባሏን መውደዷን፣ ሲሞት እህል መተዋንና በአርባው መከተሏን አንድ በአንድ ደረደረ። ሙሚና አለቀሰች። አብዱልጀሊል «እንዲህ ያለች ሴት ዛሬ የለችም» አለና ሚስቱ ዘወር ብላ ስታየው፣ «ማለቴ ብዙ የለችም» አለ።

ረቢአ ትሪውን ይዛ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። አስቀምጣ እንድትወጣ ሲራጅ በዐይኑ ያጣድፋት ነበር፤ አዮ ፋጡሜ ግን ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው ዱአ ጀምረዋል። «ያረቢ፣ ለዚህች ለረቢአ ራህመትህን አውርድላት። ቤቷ ጠባብ ነው፣ አስፋላት። ጨለማ ነው፣ አብራላት። የሚወርድባትን ሁሉ በራህመትህ ከልክልላት።» ስለ መቃብሯ ነው የሚሉት። ረቢአ ግን ማድቤቷ ዐይኗ ላይ መጣና ከሁሉም ጎልታ «አሚን!» አለች። አዮ ፋጡሜ አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። «ትሪ ተይዞ አሚን አይባልም። አስቀምጪና እጅሽን ዘርጊ» አሏት። አስቀመጠች፣ ዘረጋች። ሲራጅ ወደ ቆርቆሮው እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል።

ሆጃው ሲጠጣ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። አዮ ፋጡሜ ግን ስኒውን አስቀምጠው፣ «በሉ ተነሱ። መቃብሯን አሳየን» አሉ።

«መቃብር… ሩቅ ነው እናቴ። ለጉልበትዎ…»

«ጉልበቴን ለዚያራ ነው ያመጣሁት። ቤቷን ዘይረን እሷን ሳንዘይር ብንሄድ ነውር አይደለም? እንኳን ሙስሊም፣ ጎረቤትም አያደርገው።»

«የሱን ቀብር ላሳይዎ፣ የአብዱሰላምን።»

«የሱንም እናያለን። አብረው አይደል የተቀበሩት? ይቺ ልጅ ትደግፈኝ፣ ክንዷ ጠንካራ ነው» አሉና ረቢአን ያዟት።

«እሷ ሥራ አላት» አለ ሲራጅ።

«ሥራ መቼ ይጠፋል። ሙታንን መዘየርም ሥራ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ረቢአ የራሷን መቃብር ለማየት ሄደች። መቃብሩ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ጨፋ ቁልቁል የሚያይ ጉብታ ላይ ነው። ሸለቆው አዲስ በተዘራ መሬት ጠቁሯል፤ ቦርከና ከመካከሉ እየተጠማዘዘ ያበራል፤ ከብቶቹ እዚህ ሆኖ ለሚያይ የተበተነ ባቄላ ይመስላሉ። ሲራጅ ከፊት ይሄዳል፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ የሚያመልጥበት ያጣ ሰው አካሄድ ነው። ረቢአ ስታየው ያልጠበቀችው ነገር መጣባት፤ አዘነችለት። ለመናገር ይህ ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን ከሩቅ በመጡ እንግዶች ፊት የባሏን ወንድም ውሸታም ማለት ከባድ ነው፤ አዋርዳው ደግሞ ክፍሉን ቢሰጣት በምን ዐይኗ ትተኛበታለች? እንግዶቹ ይሂዱ፣ ማታ እነግረዋለሁ አለች። ማታ ሲሆን ግን እንደማትነግረው ታውቃለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ እነግረዋለሁ ስትል ነው የከረመችው።

የአብዱሰላም መቃብር ላይ ፋቲሃ ተቀራ። አብዱልጀሊል ፉጨቱን ውጦ ራሱን ደፍቶ ቆመ። «እሷስ?» አሉ አዮ ፋጡሜ። ሲራጅ ግራ ቀኝ አየና አጠገቡ ወዳለው መቃብር በአገጩ ጠቆመ። ረቢአ ልትስቅ ትንሽ ቀራት። የአብዶ መቃብር ነው፤ የሥጋ ሻጩ የአብዶ፣ አምና የሞተው፣ በሕይወት ሳለ ለእሷ አጥንት የሌለበት ሥጋ ቆርጦላት የማያውቀው። አሁን ደግሞ ዱአዋን ሊወስድባት ነው። አዮ ፋጡሜ በርከክ አሉ፤ ሙሚና እርጥብ ሣር ነጭታ አመጣች፤ ሣሩን አብዶ ላይ በእርጋታ ነሰነሱለት።

ከዚያ አዮ ፋጡሜ ቀና አሉ። «የእናቷ ስም ማን ነው?»

«እ?» አለ ሲራጅ።

«የእናቷ። ሙታን በእናታቸው ስም ነው የሚጠሩ። ረቢአ የማን ልጅ ልበል?»

ሲራጅ ስሟን አያውቅም። የረቢአ እናት ሠርጉ ላይ እጁን ያስታጠበችው ናት፤ በየዒዱ ከጨፋ ቅቤ ይዛ ትመጣ የነበረች፣ ስትሞት ቀብሯ ላይ የቆመላት ሴት ናት። እሱ ግን «የረቢአ እናት» ብሎ ጠርቷት፣ «የረቢአ እናት» ብሎ አልቅሶላት ነው የቀረው። ጺሙን አሻሸ። «ሀዲጃ» አለ በመጨረሻ፤ ሀዲጃ የማትገኝበት ቤተሰብ የለምና ይሆናል ብሎ።

«ያ ረቢአ፣ የሀዲጃ ልጅ…» ብለው ጀመሩ አዮ ፋጡሜ።

ረቢአ እስካሁን ሁሉን ችላለች። ሲገድሏት ስቃለች፣ ሲያለቅሱላት አሚን ብላለች፣ አብዶ ጉድጓድ ሲከቷት ዝም ብላለች። እናቷን ግን በሌላ ሴት ሲለውጡባት አልቻለችም።

«ዘይና ናት» አለች።

ሁሉም ዞሩ። አዮ ፋጡሜ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ።

«የወለደችኝ ናት። ረቢአ እኔ ነኝ።»

ሙሚና «አኡዙ ቢላህ!» ብላ ከባሏ ኋላ ተሸሸገች። ባሏም ከሷ ኋላ መሸሸግ ፈልጎ ነበር፤ ቦታ አጣ። አዮ ፋጡሜ ብቻ ጠጋ ብለው የረቢአን መዳፍ ያዙ፣ ገለበጡት፣ አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። «የሞተ ሰው እጅ ሽንኩርት አይሸትም» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ሲራጅ ዞሩ።

ሲራጅ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረው ጀመር። «የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሚስቱ የት ናት ሲሉኝ» አለ፣ «ማድቤት ናት ማለት አፈርኩ። የሱን ክፍል አንድ ነገር እንዳይጎድል ቆልፌ እሷን ጭስ ውስጥ ትቻታለሁ፤ ይህ ለሰው ይነገራል? ሞታለች አልኩ፤ ቀለለኝ። እነሱም አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። በኋላ እንዴት ላንሳት? አንድ ጊዜ ከሞተች በኋላ…» አልጨረሰውም። ረቢአን አላያትም፤ የሚያየው ሸለቆውን ነው።

«ያ ረቢ» አሉ አዮ ፋጡሜ። «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልገጠመኝምና ፍርዱን ከየትም አላመጣውም። በራሴ ነው የምናገር። በአፍህ ያስገባሃትን በእግርህ ሄደህ ታወጣታለህ። ይህን ያዝ።» የምርኩዛቸውን አንዱን ጫፍ ሰጡት፤ ሌላውን ጫፍ ለረቢአ ሰጡ። «በዋናው መንገድ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ አልጋዋ ድረስ። እኔን ልጄ ትደግፈኛለች።»

«እማ፣ ይህ መቃብርስ የማን ነው?» አለች ሙሚና ከተሸሸገችበት።

«የአብዶ ነው፣ የሥጋ ሻጩ» አለች ረቢአ።

«ይድረሰው» አሉ አዮ ፋጡሜ። «የሥጋ ሻጭ ከሆነማ ያስፈልገው ይሆናል።»

በከሚሴ ዋና መንገድ ሲራጅ ባለሱቁ የወንድሙን ሚስት በምርኩዝ እየመራ ገባ። ከኋላቸው አሮጊቷ በሙሚና ተደግፈው፣ ከነሱ ኋላ ሾፌሩ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ ተወ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ዶሚኖ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ሲራጅ ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬቱን ያያል። ረቢአ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ሰሊማ ጋ ሲደርሱ ግን ሰሊማ ከቁናዋ ዐይኗን አንስታ፣ «ረቢአ! እንኳን ተመለስሽ! እዚያ ቆሎ አለ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ረቢአም ቀና ብላ ሳቀች፤ ሲራጅ ራሱ ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነ ነገር ታየበት፤ ቶሎ ዋጠው እንጂ። የፊቱን በር ከፈተላት፤ ሲባጎውን ፈታ፤ ምርኩዙን ለቀቀ። አዮ ፋጡሜ ደጃፉ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ የቅድሙን ዱአ አልደገሙትም። «ደርሷል፣ አያስፈልግም» አሉ። መኪናው ጡሩንባውን ነፍቶ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ሲታጠፍ ገና ፀሐይ ነበር።

ከዚያ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ረቢአ ቋጠሮዋን ከማድቤት አምጥታ አልጋው ላይ ፈታችው። የልብስ ሰፊውን ኮት ከሚስማሩ አውርዳ ቀሚሷን ሰቀለች። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ውሃ በመስኮት ደፋችና ከእንስራው ቀድታ ጠጣችበት፤ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም ነበር። ሲራጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያታል። ሊከለክላት አፉን ይከፍታል፤ መልሶ ይዘጋል። ክራሩን ከግድግዳው ስታወርድ አንድ እርምጃ ገባ፤ እሷ ግን አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ሰቀለችው። ያኔ ትከሻው ረገብ አለ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጓል፤ ረቢአ ታየዋለች፤ ግን ይህ ቃል በሁለቱ መካከል ተነግሮ አያውቅምና መንገዱን አላገኘውም። ከውጭ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መታው። ሁለቱም ወደ ላይ አዩ። ምንም የሚያፈስ የለም።

«አያ ሲራጅ፣ ዝናብ ሳይዝዎ ይሂዱ» አለችው።

አልሄደም። ኮፍያውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አደረገ። «ነገ ከወልድያ እንግዶች አሉ» አለ በመጨረሻ። «በማለዳው አውቶቡስ ነው የሚመጡ። ስለ ሚስቱ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ እንግዲህ… ምን ልበላቸው?»

ረቢአ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጠፍሩን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ተነስታ በሩን ያዘች።

«ተኝታለች ይበሏቸው» አለችና ከውስጥ ቆለፈችው።